ምጣድ የራሱ መስመር ይገባዋል፦ በመኖሪያ ቤት ማእድ ቤት የኤሌክትሪክ ጭነት ስሌት ላይ የቀረበ አስተያየት

መነሻ

የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ንድፍ የሚሠራ ሰው ማእድ ቤቱ ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ይታወቃል። ሁለት ወይም ሦስት የሶኬት ምልክቶችን በግድግዳው ላይ ያስቀምጣል፣ ሁሉንም በአንድ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያያይዛል፣ መስመሩን በ16 አምፔር ብሬከር ይዘጋና ወደ ሳሎን ያልፋል። እኔም በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቴ የሠራሁት የንድፍ ፕሮጀክት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ውጤቱም ጥሩ ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ግን «እንጀራው የሚጋገረው በየትኛው ሶኬት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ይህ አጭር ጽሑፍ ያን ጊዜ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ያነሣል። የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች በብዙ ቤቶች ውስጥ ትልቁ የኤሌክትሪክ ጭነት የእንጀራ ምጣድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከበራም ለረጅም ሰዓት ሳይቋረጥ ይሠራል። ይህን ጭነት እንደ ማንኛውም ተራ የሶኬት ጭነት መቁጠር ስሕተት ነው። ምጣድ በንድፉ ላይ በስሙ ሊመዘገብ፣ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ሊኖረው ይገባል። የቀረው ጽሑፍ የዚህን አቋም ምክንያት በቁጥር ያስረዳል።

አንድ ገጠመኝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አክስቴ በሚኖሩበት የኮንዶሚኒየም ቤት ብሬከሩ በተደጋጋሚ ይወድቅባቸው ነበር። ምጣዱ እየሠራ ውኃ ማፍያው ሲሰካ ቤቱ ይጨልማል፤ ብሬከሩ ተመልሶ ይነሣል፣ ጥቂት ቆይቶም ዳግመኛ ይወድቃል። ለበዓል የተቦካ ሊጥ አይጠብቅምና የሰፈር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠራ። ሠራተኛው የ16 አምፔሩን ብሬከር አውልቆ በምትኩ የ32 አምፔር ብሬከር ገጠመና «እማማ፣ ከእንግዲህ አይወድቅም» ብሎ ሄደ። ቃሉን ጠብቋል፤ ብሬከሩ ከዚያ በኋላ አልወደቀም።

በኅዳር ሚካኤል ሰሞን አክስቴ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ የተማርኸው ኤሌክትሪክ አይደል? ና እስቲ ይህን እይልኝ» አሉኝ። ስደርስ ማእድ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ከምጣዱ በስተጀርባ ያለው ሶኬት ጠቁሯል፤ የምጣዱ መሰኪያም ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር ተጣብቋል። ከግድግዳው የወጣው የሽቦ ጫፍ ሽፋኑ ደርቆ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። እንደ ዕድል ሆኖ ሰው አልተጎዳም። እኔ ምጣዱን ለመፈተሽ ስገለብጥ አክስቴ «ምጣዱን አትውቀሰው፤ እርሱ ሥራውን ነው የሠራው» አሉ። ያን ቀን ለጨዋታ ያህል የሰማሁት ይህ ንግግር በኋላ ሳስበው ትክክለኛ የምሕንድስና ብያኔ ሆኖ አገኘሁት። ምጣዱ በተሠራበት ኃይል ሠርቷል፤ ያልሠራው ምጣዱን የማያውቀው ንድፍ ነው።

የጭነቱ መጠን

በገበያ ላይ የሚገኙ የቤት የኤሌክትሪክ ምጣዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ኃይል ይወስዳሉ። በአገራችን የአንድ ፌዝ ቮልቴጅ 220 ቮልት ስለሆነ ከረንቱ 3,500 ለ220 ሲካፈል 15.9 አምፔር፣ 4,000 ለ220 ሲካፈል ደግሞ 18.2 አምፔር ይሆናል። የተለመደው የግድግዳ ሶኬትና መሰኪያ የሚሸከሙት ከረንት 16 አምፔር ነው። ስለዚህ ምጣዱ ብቻውን፣ ሌላ ምንም ዕቃ ሳይጨመር፣ ሶኬቱን እስከ ጫፉ ይሞላዋል ወይም ያልፈዋል።

አሁን በዚያው መስመር ላይ 2,000 ዋት የሚወስድ የውኃ ማፍያና 150 ዋት የሚወስድ ማቀዝቀዣ እንጨምር። ድምሩ 5,650 ዋት፣ ከረንቱም 25.7 አምፔር ይሆናል። እያንዳንዳቸው 1,000 ዋት የሚወስዱ ሁለት ምድጃዎች ያሉት ስቶቭ ከተጨመረ ደግሞ ከረንቱ ወደ 35 አምፔር ይጠጋል። ይህ የተጋነነ ምሳሌ አይደለም፤ በበዓል ዋዜማ እንጀራ እየተጋገረ ወጥ የሚሠራበት፣ ቡናም የሚፈላበት ማንኛውም ቤት ሁኔታ ነው።

ከመጠኑ እኩል ሊታይ የሚገባው የቆይታው ጊዜ ነው። ውኃ ማፍያ በጥቂት ደቂቃ ሥራውን ጨርሶ ይጠፋል። ምጣድ ግን መጀመሪያ ሸክላው እስኪግል ይቆያል፣ ከዚያም ሊጡ እስኪያልቅ እንጀራ ተከታትሎ ይጋገርበታል። አንድ እንጀራ ሊጡ ከሚፈስበት ጊዜ አንሥቶ ዓይን አውጥቶ፣ አክንባሎው ተከድኖ፣ በሰፌድ እስኪወጣ ድረስ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ቢፈጅ፣ ለ25 እንጀራ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል። ማጋያው ሲታከልበት ሁለት ሰዓት ይጠጋል። እንጀራ ጋግረው በሚሸጡ ቤቶች ደግሞ ምጣዱ ከንጋት እስከ ቀትር ላይጠፋ ይችላል። ብዙዎቹ ምጣዶች ቴርሞስታት ስለሌላቸው በዚህ ጊዜ ሁሉ የሚወስዱት ሙሉውን ኃይል ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው የጋጋሪዋ ዓይንና እጅ ነው፤ ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀር አጥፍተው በሸክላው ግለት የሚጨርሱት ባለሙያዎች ኃይል ቆጣቢዎቻችን ናቸው።

ብሬከር የሚጠብቀው ምንን ነው?

በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ብሬከር ዕቃን ከብልሽት የሚጠብቅ መሣሪያ ተደርጎ ይታሰባል። በመሠረቱ ግን ብሬከር የሚጠብቀው በግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃዎች የተቀመጠው መሠረታዊ ሕግ ግልጽ ነው፤ የጭነቱ ከረንት ከብሬከሩ መጠን መብለጥ የለበትም፣ የብሬከሩም መጠን ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው ከረንት መብለጥ የለበትም። በእነዚሁ ደረጃዎች መሠረት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ በፒ.ቪ.ሲ. የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ በግድግዳ ውስጥ ባለ ቱቦ ሲዘረጋና የአካባቢው ሙቀት 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የሚሸከመው 24 አምፔር ነው። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትሩ 32 አምፔር፣ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 41 አምፔር ይሸከማሉ።

እዚህ ላይ ለተማሪዎችም ጭምር ብዙ ጊዜ የማይብራራ አንድ ነጥብ አለ። የቤት ብሬከር በላዩ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለፈ ወዲያው አይወድቅም። በደረጃው መሠረት እስከ 1.13 እጥፍ ድረስ ላለው ከረንት በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዳይወድቅ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በእርግጠኝነት መውደቅ ያለበት 1.45 እጥፍ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የ16 አምፔር ብሬከር 18 አምፔር ለረጅም ጊዜ ሊያሳልፍ ይችላል። የ4,000 ዋት ምጣድ የሚወስደውም ይህንኑ ያህል ነው። ብሬከሩ ጸጥ ብሎ ሳለ 16 አምፔር ብቻ እንዲሸከም የተሠራው ሶኬት ግን ከአቅሙ በላይ ለሁለት ሰዓት እየሠራ ነው ማለት ነው።

ብሬከሩ ወደ 32 አምፔር ሲቀየር ሁኔታው ይከፋል። አዲሱ ብሬከር 36 አምፔር ያህል ሳይወድቅ ሊያሳልፍ ይችላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለመውደቅ የሚገደደው ከ46 አምፔር በላይ ሲሆን ነው። ሽቦው ግን ያው የ24 አምፔር ሽቦ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ 36 አምፔር በዚህ ሽቦ ሲያልፍ ሙቀቱ ከተፈቀደው 2.25 እጥፍ ይሆናል። በ24 አምፔር ሽቦው ከ30 ወደ 70 ዲግሪ የሚሞቅ ከሆነ፣ በ36 አምፔር በግምት 120 ዲግሪ ይደርሳል። የፒ.ቪ.ሲ. ሽፋን ለዘወትር አገልግሎት የሚፈቀድለት 70 ዲግሪ ነው። በአክስቴ ቤት በጣት ሲነካ የፈረፈረው ሽፋን ለዚህ ስሌት የተሰጠ መልስ ነበር።

ሁለተኛው አደጋ ከመገናኛ ነጥቦች ይመጣል። በሶኬቱ ውስጥ ያለው ብሎን ላላ ብሎ 0.1 ኦም የሚሆን ሬዚስታንስ ቢፈጠር፣ 2 አምፔር ሲያልፍበት የሚፈጠረው ሙቀት 0.4 ዋት ነው፤ ማንም አይሰማውም። 16 አምፔር ሲያልፍበት ግን 25.6 ዋት ይሆናል። ይህ በትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ለሁለት ሰዓት የታመቀ የብየዳ መሣሪያ እንደ ማስቀመጥ ነው። ከረንቱ ከተለመደው መጠን ስላላለፈ ይህን ዓይነቱን ሙቀት የትኛውም ብሬከር አያየውም። መፍትሔው ረጅም ሰዓት የሚሠራ ከባድ ጭነትን ከመጀመሪያውም በተራ ሶኬት አለመጠቀም ነው።

ከወለል ማሞቂያ የሚገኝ ትምህርት

ነገሩን ለማነጻጸር በቀዝቃዛ አገሮች የቤት ማእድ ቤት ውስጥ የሚዘረጋውን የኤሌክትሪክ ወለል ማሞቂያ እንመልከት። እንዲህ ያለው ማሞቂያ በተለምዶ ለአንድ ካሬ ሜትር 150 ዋት ያህል ይወስዳል። ስምንት ካሬ ሜትር ክፍት ወለል ያለው ማእድ ቤት 1,200 ዋት ይፈልጋል ማለት ነው፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 5.5 አምፔር ነው። ይህ የአንድ ምጣድ ጭነት ሲሶ ገደማ ነው።

ነገር ግን ያን ትንሽ የሚመስል ጭነት የሚመለከቱት ሕጎች ጥብቅ ናቸው። የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ በቤት ውስጥ በቋሚነት የተተከለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንም ያህል ሰዓት ቢሠራ ቀጣይ ጭነት ተደርጎ እንዲቆጠር ያዛል። ቀጣይ ጭነት ማለት በደንቡ ከፍተኛው ከረንት 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ጭነት ሲሆን፣ ሽቦውና ብሬከሩ ከጭነቱ 125 በመቶ ተሰልተው ይመረጣሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አጭር ጭነት ሽቦውን ሳያሞቀው ያልፋል፤ ረጅም ጭነት ግን ሽቦውን፣ መገናኛውንና ብሬከሩን የመጨረሻው የሙቀት ደረጃቸው ላይ ያደርሳቸዋል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ምጣድ በተራ ቤት ሦስት ሰዓት ስለማይሞላ ቀጣይ ጭነት አይባልም ይሉኛል። በቃሉ ፍቺ ልክ ናቸው። በቱቦ ውስጥ ያለ ቀጭን ሽቦ ግን የመጨረሻው የሙቀት ደረጃው ላይ የሚደርሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ለሽቦው ሁለት ሰዓትና ሁለት ቀን ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ የ125 በመቶውን መርሕ ለምጣድ ብንጠቀም፣ የ3,500 ዋቱ ምጣድ 19.9 አምፔር፣ የ4,000 ዋቱ ደግሞ 22.7 አምፔር ሆኖ መሰላት አለበት። ሁለቱም ከ16 አምፔር መስመር በላይ ናቸው። ሌሎች አገሮች ለወለላቸው ያሰቡትን ያህል እኛ ለእንጀራችን አላሰብንም ብል ከእውነቱ የራቅሁ አይመስለኝም።

የተዋስነው ስሌት

የንድፍ ተማሪዎች ስንሆን ዳይቨርሲቲ ፋክተር የሚባለውን ቁጥር እንማራለን። አሳቡ ትክክለኛ ነው፤ በቤት ውስጥ ያሉ ዕቃዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይሠሩ ዋናው መስመር የድምራቸውን ያህል መሆን አይጠበቅበትም። ችግሩ ቁጥሩ ከየት መጣ የሚለው ነው። ለምሳሌ በብሪታንያ በስፋት የሚሠራበት የማብሰያ ምድጃ ስሌት የመጀመሪያዎቹን 10 አምፔር ሙሉ በሙሉ፣ ከዚያ በላይ ካለው ደግሞ 30 በመቶውን ብቻ ይወስዳል። ለእነርሱ ምድጃ ይህ ምክንያታዊ ነው። ምድጃው ብዙ ማብሰያዎችና መጋገሪያ ያሉት፣ እያንዳንዱም በቴርሞስታት የሚበራና የሚጠፋ ነውና።

ይህንኑ ስሌት 15.9 አምፔር በሚወስድ ምጣድ ላይ ብንተገብረው 10 ሲደመር የ5.9 ሠላሳ በመቶ፣ በጠቅላላው 11.8 አምፔር ይሰጠናል። ምጣዱ ግን ይህን ስሌት አያውቅም፤ ለሁለት ሰዓት ሙሉውን 15.9 አምፔር ይወስዳል። ዳይቨርሲቲ ፋክተር እንደ ኦም ሕግ በሁሉም አገር አንድ የሆነ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የአንድ ሕዝብ የአኗኗር ልማድ በቁጥር የተገለጸበት ነው። የሌላን ሕዝብ ልማድ ለራሳችን ማእድ ቤት ስንዋስ የተሳሳተ ውጤት ማግኘታችን አይገርምም።

በሕንጻ ደረጃ ሲታይ ጉዳዩ ይሰፋል። 20 ቤቶች ባሉት ሕንጻ ላይ እያንዳንዱ ቤት አንድ የ3,500 ዋት ምጣድ ቢኖረው ድምሩ 70 ኪሎ ዋት ነው። በተለመደው ቀን ከመካከላቸው 40 በመቶው ብቻ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ ብለን ብንገምት፣ በሦስት ፌዝ 380 ቮልት ለእያንዳንዱ ፌዝ 42.5 አምፔር ያህል እናገኛለን። በፋሲካ ወይም በገና ዋዜማ ግን ሁሉም ቤት ይጋግራል፤ ያን ጊዜ ከረንቱ ወደ 106 አምፔር ሊያድግ ይችላል። ፋሲካ ድንገተኛ አደጋ አይደለም፤ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። የሚታወቅን ቀን ያላገናዘበ ስሌት የተሟላ ስሌት ሊባል አይችልም።

በዚህ ላይ የቮልቴጅ መውረድ ይጨመራል። የምጣድ ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚለዋወጥ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የ3,500 ዋቱ ምጣድ 2,340 ዋት ያህል ብቻ ይሰጣል። ሸክላው በደንብ ስለማይግል እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ጋጋሪዋም ምጣዱን ረዘም ላለ ጊዜ ታቆየዋለች። ምጣዶች በቆዩ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ቁጥር ይጨምራል፣ መስመሩም ይበልጥ ይጨናነቃል። ለዚህ ነው ብዙ እናቶች ለመጋገር ሌሊቱን ወይም ንጋቱን የሚመርጡት። የመስመሩን ጫና በእንቅልፋቸው የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው።

ምን ይደረግ?

የማቀርበው ሐሳብ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በሌላ አገር ለማብሰያ ምድጃ ከሚደረገው የተለየ ነገር የለበትም። በመጀመሪያ ደረጃ በማንኛውም የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ንድፍ ላይ የምጣድ ቦታ በራሱ ምልክት ይመልከት። ቦታው ከውኃ መቅጃው የራቀ፣ ጭስና እንፋሎት የሚወጣበት መስኮት ያለው ቢሆን መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ ከማከፋፈያ ሳጥኑ እስከዚያ ቦታ ሌላ ዕቃ የማይጋራው መስመር ይዘርጋ። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና የ25 አምፔር ብሬከር ለአብዛኛው ቤት በቂ ናቸው። ሽቦው 32 አምፔር ስለሚሸከም ከሌላ አንድ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ቢያልፍና በ0.8 ቢቀነስ እንኳ 25.6 አምፔር ይቀረዋል። ሦስት መስመሮች በአንድ ቱቦ የሚያልፉ ከሆነ ቅናሹ 0.7 ስለሚሆን ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትሩን መምረጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ የምጣዱ ገመድ በተራ ሶኬት ከመሰካት ይልቅ ሁለቱንም ሽቦዎች በሚያቋርጥ፣ ቢያንስ 25 አምፔር በሚሸከም ማብሪያ ማጥፊያ በኩል በብሎን ይታሰር። ማብሪያ ማጥፊያው ጋጋሪዋ በምጣዱ ላይ ሳትንጠራራ የምትደርስበት ቦታ ላይ ይሁን።

አራተኛ፣ የመሬት ሽቦ ግዴታ ይሁን። ምጣድ ሸክላ፣ ብረት፣ ሊጥና እንፋሎት በአንድ ላይ የሚገናኙበት ዕቃ ነው። «ምጣዱ ይነዝራል» የሚለው አባባል በየቤቱ እንደ ተራ ነገር ሲነገር እሰማለሁ፤ ተራ ነገር ግን አይደለም። የመሬት ሽቦና የ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ጠባቂ ብሬከር ቢኖሩ የሚነዝር ምጣድ ሰው ከመንካቱ በፊት ይታወቅ ነበር። እርጥበት ያለው ሸክላ ጠባቂውን ያለ ምክንያት ሊጥለው ይችላል የሚለው ስጋት መፈተሽ ያለበት ቢሆንም መከላከያውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

አምስተኛ፣ በየሰፈሩ ወርክሾፕ የሚሠሩ ምጣዶች ቢያንስ የሚወስዱት ዋትና የሚሠሩበት ቮልቴጅ የተጻፈበት መለያ ይኑራቸው። መጠኑ ለማይታወቅ ጭነት መስመር መምረጥ አይቻልም።

ንድፉ ባለፈባቸው ነባር ቤቶች ደግሞ ሦስት ነገሮች ሕይወት ያድናሉ። ምጣድ ሲሠራ በዚያው መስመር ላይ ሌላ ከባድ ዕቃ አለመሰካት፤ ምጣድን በማከፋፈያ ገመድ አለመጠቀም፤ ከሁሉም በላይ ሽቦው ሳይቀየር ብሬከርን በትልቅ አለመተካት። የሚወድቅ ብሬከር የታመመ ብሬከር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ እውነቱን እየተናገረ ያለ ብሬከር ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ወጪ ነው። መዳብ ውድ መሆኑ አይካድም። ይሁንና ከማከፋፈያ ሳጥኑ እስከ ምጣዱ 10 ሜትር ቢሆን፣ ለሦስት ሽቦ 30 ሜትር ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል፤ በውስጡ ያለው መዳብ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከአንድ ቤት ጠቅላላ የግንባታ ወጪ አንጻር ይህ እጅግ ጥቂት ነው። ወጪው የሚከብደው ግድግዳው ከተለሰነና ከተቀባ በኋላ ተፈልፍሎ እንደገና ሲሠራ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የትራንስፎርመር አቅም ነው፤ ለምጣድ ሰፊ መስመር ከሰጠን የአካባቢው ጭነት ይጨምራል የሚል። ይህ ጭነትንና መንገዱን ማምታታት ነው። ምጣዱ ዛሬም በየቤቱ አለ፣ ዛሬም ያንኑ ኃይል ይወስዳል። የራሱ መስመር ሲያገኝ የሚቀንሰው በግድግዳው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ነው። እንዲያውም ምጣድ ለብቻው መስመር ሲኖረው ከውኃ ማሞቂያው ጋር በአንድ ጊዜ እንዳይሠራ የሚያደርግ መቀያየሪያ መግጠም ስለሚቻል የአካባቢውን ከፍተኛ ጭነት ለመቀነስ በር ይከፍታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የከተማ ሰው እንጀራ መግዛት ስለለመደ ጉዳዩ በጊዜ ብዛት ይጠፋል የሚል ነው። የሚገዛው እንጀራ ግን የሆነ ቦታ ይጋገራል። በአብዛኛው የሚጋገረውም ሁለትና ሦስት ምጣድ በተደረደረበት በሌላ ሰው መኖሪያ ቤት ነው። ጭነቱ አልጠፋም፤ መከላከያ በሌለበት ቤት ውስጥ ተከማቸ እንጂ።

ለተመራማሪዎች

የአገራችን የሕንጻ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ፣ ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 10፣ የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። በከተሞች የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት መሠራት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በእነዚያ ሰፈሮች ለዕርድ፣ ለማጠቢያና ለማብሰያ የጋራ መገልገያ ሕንጻዎች መታሰባቸው የአኗኗራችን ልማድ ለቀያሾች ሙሉ በሙሉ እንግዳ እንዳልነበረ ያሳያል። ሆኖም ምጣዱ ፎቅ ወጥቷል፤ የኤሌክትሪክ ስሌታችን ግን ተከትሎት አልወጣም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ምርምር ለድኅረ ምረቃ ተማሪ አቅም የሚመጥን ነው። በተለያዩ ሰፈሮች በሚገኙ ቤቶች የምጣድ መስመር ላይ ከረንት መዝጋቢ መሣሪያ ለጥቂት ወራት ቢገጠም፣ ቢያንስ አንድ ትልቅ በዓልን ጨምሮ፣ የራሳችንን ዳይቨርሲቲ ፋክተር ማስላት ይቻላል። በዝቅተኛ ቮልቴጅ የመጋገሪያ ጊዜ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ በገበያ ያሉ ሶኬቶች በ16 አምፔር ለሁለት ሰዓት ሲሠሩ የመገናኛ ነጥባቸው ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ፣ እርጥብ ሸክላ ምን ያህል ከረንት እንደሚያፈስ በቤተ ሙከራ መለካት ይቻላል። እነዚህ ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ማእድ ቤትን የምርምር ቦታ አድርጎ ማየትን ነው። ይህን ያላደረግነው ጥያቄው ስለከበደ ሳይሆን ምጣድ የእናቶች እንጂ የመሐንዲሶች ጉዳይ አይደለም የሚል ያልተነገረ ግምት ስላለን ይመስለኛል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከጉባ የሚነሣው ኃይል በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች የማስተላለፊያ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያና በትራንስፎርመር አልፎ የሚደርሰው በመጨረሻ አንዲት እናት ሊጥ ወደምታፈስበት ሸክላ ነው። በዚያ ረጅም መንገድ ላይ እያንዳንዱ ክፍል በመሐንዲስ ተሰልቷል። ሳይሰላ የቀረው ከማከፋፈያ ሳጥኑ እስከ ምጣዱ ያለው የመጨረሻው 10 ሜትር ነው።

አክስቴ ዛሬ ምጣዳቸው የራሱ መስመር አለው። ግድግዳው ተፈልፍሎ የተለሰነበት ጠባሳ አሁንም ይታያል፤ «ይህን መጀመሪያ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?» ይሉኛል ባዩት ቁጥር። ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ የለኝም። የሚቀጥለውን ንድፍ የምንሠራ ሰዎች ግን ጥያቄው ዳግመኛ እንዳይነሣ ማድረግ እንችላለን።